ለአጨብጫቢ የተሰጠ ኮከብ

ልጄ በስልኳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ስታስተምር ኖረች። ማንም አልላካት፣ ማንም አልቀጠራት። እኔ መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም ነበር። ራቤል ከተማ ያለች እህቴ ዘንድ ሰንብቼ ወይም ከአንዱ ንግሥ ወደ ሌላው ስዞር ከርሜ ወደ መንደራችን ወደ ዘመሮ ስመለስ፣ አንድ እጇን እንዝርት ላይ፣ አንድ እጇን ስልክ ላይ አድርጋ አገኛታለሁ።

"ከማን ጋር ነው እንዲህ የምታወሪው?" ስላት፣

"ከሙያተኞቹ ጋር" ትለኛለች።

ሙያተኞቹ የምትላቸው በበግ ሱፍ የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው። ፈታዩ፣ ሸማኔው፣ ነጋዴው፣ በግ አርቢው፣ ኮሌጅ ገብቶ ስለ ሱፍ የተማረውም ሳይቀር በአንድ ግሩፕ ተሰብስበው በስልክ ይነጋገራሉ። ከመንዝ አለ፣ ከግሼ አለ፣ ከመርሐቤቴ አለ፣ ከማላውቀው አገርም አለ። አብዛኛው ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ አያውቅም። አንዷ "ፈትሌ እየተበጠሰ አስቸገረኝ" ትላለች፣ የሚያውቅ የሚያውቀውን ይነግራታል። ደቦ ነው በቃ፤ ጠላ የሌለው ደቦ። እንዲያ ሆኖ ቢቀር ኖሮ እኔም ዛሬ ክፉ አልናገርም ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠረችኝ ይቺው ልጄ ናት፤ ሦስተኛ ክፍል ሳለች፣ በከሰል ግድግዳው ላይ እየጻፈች። አንዱ ፊደል ሃያ ጊዜ ቢጠፋኝ ሃያ ጊዜ ትደግምልኝ ነበር እንጂ "አሁን ነገርኩሽ አይደል?" ብላኝ አታውቅም። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ከእኔ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። ኋላ አገባች፣ ትዳሩ አልሆን አላት፣ ተመልሳ እኔው ጋ ገባች። ልጅም አልወለደች። በሰፈሩ "ያቺ ፈትታ የመጣችው" ነው የምትባለው። ሰው እንዲያ ሲላት ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች፤ እኔ ግን እናቷ ነኝ፣ ትከሻዋ እንዴት ዝቅ እንደሚል አያለሁ። በዚያ ስልክ ውስጥ ግን "እህታችን፣ እስቲ ንገሪን" ይሏታል። ይህን ሲሏት ትከሻዋ ቀና ይላል። እኔም ስለዚህ ዝም አልኩ።

አንድ ቀን ከግሼ በኩል የሆነች ሴት በድምፅ ጠየቀች። አዲስ የፈተለችው ክር በየስንዝሩ እየተቆረጠ ሸማኔው መለሰባት፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። መልሱ ወዲያው ዘነበ። "ጥሩ ጥያቄ ነው።" "አይዞሽ እህታችን።" "ፈጣሪ ያግዝሽ።" ጭብጨባ፣ አበባ፣ የተጣመሩ እጆች። አንድም ሰው ስለ ክሩ አልተናገረም። ልጄ ግን እንዝርቷን አስቀምጣ ጠየቀቻት፦ በጉን መቼ ሸለትሽው? ዝናብ መትቶት ነበር? በምን ዓይነት ውሃ አጠብሽው? ሴትዮዋ ስትመልስ ልጄ ስትጠይቅ ግማሽ ቀን ሄደ። መጨረሻ ላይ የሆዱን አጭር ጠጉር ከጀርባው ረጅም ጠጉር ጋር ቀላቅላ መፍተሏ ተገኘ። "ለይተሽ ፍተዪው፤ የሆዱን ለወፍራም ማግ አስቀምጪው" አለቻት። በሳምንቱ ሴትዮዋ ከዚያው ክር ያሠራችውን ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሷን ማለቴ ነው፣ ፎቶ አንሥታ ላከች። እኛ ቤት የዚያን ዕለት እንደ ዓመት በዓል ነበር።

ከዚያ ኮከብ የሚባል ነገር መጣ።

የግሩፑ አለቃ ዓለም ከተማ የሚኖር ጎልማሳ ነው፤ አድሚን ይሉታል። አንድ ቀን ብድግ አለና "በጎ ፈቃደኛ አባሎቻችንን ማበረታታት አለብን" አለ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ "የወሩ ኮከብ" መሰየም ጀመረ። ከተሰየመው ሰው ስም ጎን ቢጫ ኮከብ ይለጠፋል። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሹመት አይቻለሁ፤ ጭቃ ሹም አይቻለሁ፣ ሊቀ መንበር አይቻለሁ። ሹመት ሁሉ ሲሆን ላም፣ ሳይሆን በግ ይዞ ይመጣል። በባዶ እጁ የመጣ ሹመት ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

ኮከቡ ለማን እንደሚሰጥ ደግሞ ልጄ ስትነግረኝ አላመንኳትም።

"ብዙ የጻፈ ነው የሚወስደው፣ እማዬ።"

"ብዙ ያወቀ ማለትሽ ነው?"

"አይ፣ ብዙ የጻፈ። ማሽኑ ይቆጥራል።"

"ምን እንደጻፈ አያይም?"

"አያይም፤ ይቆጥራል እንጂ።"

እንግዲህ ተመልከቱት። ልጄ ግማሽ ቀን ፈጅታ የሰው ክር ስታድን፣ ማሽኑ ጥቂት መልእክት ቆጠረላት። ነጭ ባርኔጣ አድርጎ ፎቶ የተነሣ አንድ ሰውዬ አለ፤ በጠዋት ተነሥቶ የአበባ ሥዕል ይለጥፋል፣ "እንደምን አደራችሁ ውድ ሙያተኞች" ይላል፣ ከዚያ ሰው በተናገረ ቁጥር "ትክክል"፣ "አሜን"፣ "በርቱ" ይላል። ማሽኑም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥርለታል። ፀሐይ ሳትበረታ ልጄን በልጧት ያርፋል። ዶሮም እንዲሁ ናት፤ እንቁላል ስትጥል ከምታሳልፈው ጊዜ ይልቅ ስትንጫጫ የምታሳልፈው ይበልጣል። ዶሮዋ ግን የምትንጫጫው ጥላ ነው።

ቢጫው ኮከብ በየወሩ ባርኔጣው ላይ ተተከለ። ይባስ ብሎ፣ ልጄ በጥር የመለሰችውን መልስ እሱ በየካቲት አሳምሮ ጽፎ እንደ ራሱ ያወጣው ጀመር። ሰዉም "እናመሰግናለን መምህራችን" አለው። መምህር! እኔ ይኼን ስሰማ ሳቄ መጣ። ልጄ አልሳቀችም።

"ተዪው፣ እማዬ። ሙያ በልብ ነው" አለችኝ።

ነው እንጂ። እኔ ራሴ ያስተማርኳት ተረት ነው። የተረት ክፉነቱ ግን ለሚያውቀው ብቻ መሥራቱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ንቄው አልፌ ነበር። ሰው በቢጫ ቀለም ቢጫወት እኔን ምን ይነካኛል? የነካኝ ከፋሲካ በኋላ የመጣው ማስታወቂያ ነው። ልጄ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። ዓለም ከተማ ላይ ሴቶች ሱፍ መፍተል የሚማሩበት ቤት ሊከፈት ነው። አስተማሪው የሚመረጠው ከግሩፑ ነው፤ ያለ ክፍያ ሰውን በማገልገል ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያደረገ አባል። ስሙ በአደባባይ ይጠራል፣ ቤቱም በእጁ ይሰጠዋል።

ልጄ አንብባ ስትጨርስ ስልኩን አስቀመጠች። ወጣች፣ በጎቹን አየች፣ ተመለሰች። ከዚያ ነጠላዋን ማጠብ ጀመረች። ነጠላው ንጹሕ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይቺ ልጅ ይኼን ነገር ፈልጋዋለች። ከተመለሰች ጀምሮ አንድም ነገር ፈልጋ አይቻት አላውቅም ነበር። ፈትታ የመጣችው ሳይሆን አስተማሪዋ ልትባል ነው የፈለገችው።

ዕጩ የሚሆን ሰው ያበረከተውን ራሱ ጽፎ ይላክ ተባለ። ባለባርኔጣው የጻፈውን ብታዩ የንጉሥ ዜና መዋዕል ነው፤ ሲነሣ፣ ሲተኛ፣ ለሙያው ሲቃጠል። ልጄ ለረጅም ጊዜ ስልኩን ስታይ ቆይታ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፦ "የማውቀውን ለጠየቀኝ ነግሬያለሁ።"

"ኧረ ጨምሪበት" አልኳት።

"ራሴን በራሴ ላሞግስ? ሰው ምን ይለኛል?"

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ራሱን ያመሰገነ ሰው ያን ዕለት ጠላ ጠጥቷል ይባላል። ስለ ሰው የሚናገረው ሌላ ሰው ነው።

ደግነቱ፣ ለዚህም ቦታ ተትቶለት ነበር። ስለ ዕጩው የሚመሰክር የቅርብ ሰው ድምፁን ይላክ ተባለ። ለባለባርኔጣው የእህቱ ልጅ "አጎቴ አንበሳ ነው" ብሎ ላከ። ልጄ ስልኩን አፌ ላይ ደቅና "በይ ተናገሪ" አለችኝ። የሠራሁት ጥፋት ይኼ ነው፤ አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በአገራችን እናት ልጇን በሰው ፊት አታወድስም። ዓይን ይገባታል ተብሎ ነው፤ ነውርም ነው። ጎበዙን "ሰነፍ"፣ ቆንጆዋን "ፉንጋ" እንላለን። ሰሚው ደግሞ ሥራውን ያውቃል፤ "ኧረ በሉ! እሷስ እንዲያ አይደለችም!" ይልና ምስጋናውን እሱ ይጨርሰዋል። ምስጋና ሁለት ሰው የሚሸከመው ቃሬዛ ነው፤ እናት ግርጌውን ዝቅ አድርጋ ታነሣለች፣ ሰሚው ራስጌውን ከፍ ያደርጋል። እኔም እንደዚያ ብዬ ጀመርኩ።

"ኧረ ተዉኝ ልጆቼ! የእኔ ልጅ ደግሞ ምን ታውቃለች ብላችሁ ነው? እጇ የሰነፍ፣ ፈትሏ የውሻ ጅራት! ሸማኔው ክሯን ሲያይ በር ይዘጋባታል። እሷን አስተማሪ ብታደርጉ ተማሪዎቹ የሚያውቁትን ረስተው ይወጣሉ!"

ልጄ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። እንዲያ ያለ ሳቅ ከሳቀች ቆይታ ነበር። ላከችው። ከዚያ ሁለታችንም ቁጭ ብለን የሚመጣውን መልስ እያሰብን ጠበቅን። የግሼዋ ሴት "ኧረ እማማ!" ትላለች። የባናው ፎቶ ይወጣል። አንዱ "ዘመሮን ያላየ ፈታይ አላየም" ይላል። ጠበቅን። አንድ ሰው የሳቀ ፊት ለጠፈ። ባለባርኔጣው "እናመሰግናለን እናታችን፣ እውነተኛ ምስክርነት" አለ። ከዚያ ሌላ ዕጩ ተተካ፣ ሌላ ድምፅ መጣ፣ የእኛ ወደ ላይ እየሄደ ጠፋ።

"ኔትወርክ ይሆናል" አለች ልጄ።

"ነገ ያዩታል" አልኩ እኔ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ውጤቱ ወጥቶ ነበር። አስተማሪው ባለባርኔጣው ነው። ለልጄ "የተሳትፎ የምስክር ወረቀት" ተላከላት። ወረቀት ስላችሁ ሥዕል ነው፣ በእጅ አይያዝም። ዙሪያውን ወርቅማ ጌጥ አለው፣ ከላይ ደግሞ የፈነዳ ጥጥ ተሥሎበታል። ጥጥ! የበግ ሱፍ ሙያተኞች ነን የሚሉ ሰዎች በግና ጥጥ አይለዩም። ልጄ አየችውና ስልኩን መደቡ ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። ያን ቀን አልፈተለችም፤ በማግሥቱም አልፈተለችም።

እኔ እግሬ ቤት የሚያርፍ ሴት አይደለሁም። ሰው ታመመ ሲሉኝ እሄዳለሁ፣ ሰው ወለደች ሲሉኝ እሄዳለሁ፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ሰው አበደ ብዬ ሄድኩ። መኪና ቀይሬ፣ ገደሉን ወርጄ፣ ወገቤ እስኪላቀቅ ተንገጫግጬ ዓለም ከተማ ገባሁ። የአድሚኑን ቢሮ ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ ደጁ ላይ የኮከብ ሥዕል አለ። ግድግዳው ላይ ደግሞ እንዝርት ለጌጥ ተሰቅሏል፤ ተገልብጦ።

"ይግቡ እማማ፣ ይቀመጡ" አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም። ከወንበሩ ተነሥቶ እጄን ሳመኝ፣ ውሃም አስመጣልኝ። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"የዘመሮዋ ፈታይ እናት ነኝ" አልኩት። "ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውህን ስታስተምር የኖረችውን ትተህ ማንን ነው አስተማሪ ያደረግኸው?"

"እማማ፣ እኔ ብቻዬን አልወሰንኩም። ኮሚቴ አለን። ሁሉም በማስረጃ ነው" አለና ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ። ሠንጠረዥ ነው። "የመልእክት ብዛት፣ ይኸው፣ ልጅዎ ዝቅ ያለች ናት። የራስ መግለጫ፣ አንድ መስመር ብቻ። እዚህ ድረስ ግን አሁንም ተወዳዳሪ ነበረች፤ በሴቶቹም ዘንድ ጥሩ ስም ነበራት። የጣላት ምስክርነቱ ነው።"

"የምን ምስክርነት?"

ትንሽ አፈረ። ከዚያ አንድ ነገር ነካ፣ ድምፄ ቤቱን ሞላው። *እጇ የሰነፍ፣ ፈትሏ የውሻ ጅራት።* ከሥሩ ደግሞ አንድ ሰው ጽፎበታል፦ "የቅርብ ቤተሰብ ብቃቷን አላረጋገጠም።"

ከወንበሩ ልወድቅ ነበር።

"ይኼ እኮ ወግ ነው!" አልኩት።

"ወግ?"

"አንተ የየት ልጅ ነህ?"

"እዚሁ፣ የመርሐቤቴ።"

"እናትህ እንግዳ ሲመጣባት 'ጠላዬ ውሃ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ' አትልም?"

"ትላለች" አለ እየሣቀ።

"ታዲያ እንግዳው ውሃ ነው ብሎ ደፍቶት ይሄዳል?"

ሣቁ ቆመ። ገብቶታል። እንደገባው ከዓይኑ አየሁ፤ እናቱ ትዝ ብላዋለች።  ከዚያ ኮምፒዩተሩን ወደ ራሱ መለሰው።

"ልክ ነዎት እማማ። ግን መመዘኛው ላይ ወግ የሚል ቦታ የለም።"

"ቦታ የለም?"

"የለም። ካሁን በኋላ ብቀይረው ደግሞ ሌሎቹ ቅሬታ ያነሣሉ።"

አስቡት። አንድ የአገሬ ልጅ፣ የእናቱ ጠላ ውሃ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ማሽኑ አያውቅም ብሎ እሱም ላለማወቅ ወሰነ። እኔ መሃይም ነኝ ስል ኖሬያለሁ። ያን ቀን ተውኩት።

ልወጣ ስነሣ ሊያጽናናኝ ፈለገ። "እማማ፣ ይኼን ያህል መንገድ መጥተው ባዶ እጅዎን አይመለሱ። ለእርስዎም የምስጋና ወረቀት እንሥራልዎት፤ 'ለእናትነት አስተዋጽኦ' ብለን።"

"ያማጥኩት ለግሩፕህ ብዬ መሰለህ?" አልኩት። "ይልቅ እንዝርቱን አዙረህ ስቀለው። ሰው ይስቅብሃል።"

ወደ ዘመሮ ስመለስ መንገዱን ሁሉ አፌን ስረግም ነበር። በሰዎቹ ላይ የነበረኝ ንቀት ወደ ራሴ ዞሮ ነበር። እነሱ የማያውቁትን አላወቁም፤ እኔ ግን ማን እንደሚሰማኝ ሳልጠይቅ የልጄን እንጀራ በአፌ ገመጥኩት። ቤት ገብቼ ነጠላዬን ሳላወርድ ነገርኳት።

"የጣልኩሽ እኔ ነኝ። ወጉን እውነት ብለው ጻፉት።"

ከበጎቹ የሸለተችውን ጠጉር እየለየች ነበር፤ የጀርባውን ወዲህ፣ የሆዱን ወዲያ። እጇ አልቆመም።

"እኔም ነበርኩ እኮ" አለች። "እኔም ስቄ ላኩት።"

"ምን አለ ዝም ባልኩ።"

"ሁለታችንም ለዚህ መንደር ሰው የምናወራ መስሎን ነው፣ እማዬ።"

ከዚህ ሌላ አልወቀሰችኝም። ያቺ ትዕግሥቷ አንዳንዴ ከዱላ ትከፋለች።

ወር ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ፤ አድሚኑ ነው። ድምፁ እንዲሰማኝ አደረገችው። የፈትሉ ቤት ተከፍቷል፣ ሴቶቹ ተሰብስበዋል፣ "መምህራችን በንድፈ ሐሳቡ በኩል በጣም ጠንካራ ናቸው፤ በተግባሩ በኩል ግን ትንሽ እገዛ ቢኖር" አለ። ትርጉሙ፣ ባለባርኔጣው እንዝርት ማሾር አይችልም ማለት ነው። ሴቶቹ ክር ሲጠይቁት አበባ የሚለጥፍበት አጣ።

"እና በበጎ ፈቃደኝነት ረዳት ሆነሽ ብትመጪ" አላት። "ሁለት ኮከብ ይታከልልሻል።"

አፌን ከፈትኩ። ለዚያ ሰው የሚሆን ቃል ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ልጄ መዳፏን ወደ እኔ ዘርግታ አስቆመችኝ።

"መልሴን ለሁሉም እልካለሁ" አለችውና ዘጋችው።

ከዚያ ስልኩን አፏ አጠገብ ያዘች።  የተናገረችውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ እንዲያ ያለ ነገር ከአፏ ሰምቼ አላውቅምና።

"እኔ የዘመሮዋ ፈታይ ነኝ። እናቴ ምን ታውቃለች ያለችው ወግ ነበር፤ አሁን እውነቱን እኔው ልናገር። ጠጉሩ ከበጉ ጀርባ ወርዶ ሸማኔ እጅ እስኪገባ ድረስ ያለውን ሥራ፣ እዚህ ግሩፕ ውስጥ እኔን የሚያህል ሰው አላየሁም። አስተማሪ የተባለው ወንድማችን የሚያስተምረው እኔ የመለስኩትን ነው። ለአስተማሪነት ከጠራችሁኝ ነገ እመጣለሁ። ለረዳትነት ግን አልመጣም፤ በጎች የምሸልትበት ጊዜ ነው።"

ላከችው። እኔ ሦስት ጊዜ አማተብኩ። ደነገጥኩም፣ ኮራሁም፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ልጄን ዓይን እንዳይበላት ወደ ደረቷ ቱፍ ቱፍ አልኩባት፤ እሷም እንደ ልጅነቷ ዝም ብላ ቆመችልኝ።

መልሱ ሳይውል መጣ። "ራስን ማወደስና አባላትን መንካት የግሩፑን ሥነ ምግባር ይጥሳል" የሚል ጽሑፍ ታየ፤ ከሥሩም ከግሩፑ መሰናበቷ ተነገራት። ዜና መዋዕሉን የጻፈው ሰውዬ ባርኔጣውን እንዳደረገ ውስጥ አለ። ራስን ማወደስ በቅጹ ላይ ሲሆን መመዘኛ ነው፤ በአፍ ሲሆን ወንጀል ነው። ይኼን እኔ ላስረዳችሁ አልችልም፤ የተማረ ሰው ያስረዳችሁ።

ዓለም ከተማ ያለው ቤት ለእሷ አልሆነም። ስሟ በአደባባይ አልተጠራም። እንዲያ ነው የሆነው፤ ማለሳለስ አልወድም። እሷ ግን በማግሥቱ እንዝርቷን አነሣች።

ስልኳ ዕረፍት አጣ። ከግሩፑ ቢያስወጧትም ቁጥሯ በሴቶቹ እጅ ነው። አንዷ "ያልሽውን ሰምተን አንጀታችን ራሰ" ትላለች፣ ሌላዋ ስለ እጥበት ትጠይቃለች። ልጄ ግን አሁን ሌላ ሰው ሆናለች። "በስልክ ማስተማር ትቻለሁ" ትላቸዋለች። "መማር የፈለገች ሱፏን ይዛ ዘመሮ ትምጣ።" ማን ይመጣል ብዬ ነበር። መጀመሪያ ያቺ የግሼዋ መጣች፤ ከዚያ ከመርሐቤቴ ሁለት ሴቶች፣ ብርዱ እያንገበገባቸው። ባለባርኔጣው ዘንድ ጀምረው የተዉ ናቸው።

ባለፈው ሐሙስ ከሁለቱ አንደኛዋ ጠዋት ሙሉ ስትፈትል ቆየችና ቀና ብላ፣

"እትዬ፣ ስንጨርስ ሰርተፊኬት ትሰጪናለሽ?" አለቻት።

ልጄ ከልጅቷ እንዝርት ላይ አንድ ክንድ ያህል ክር መዘዘች፣ በሁለት እጇ ይዛ ሳብ አደረገችው፤ ተበጠሰ። ቁራጩን እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

"ይኼ መበጠሱን ሲተው" አለቻት።

ልጅቷ ሣቀችና ሱፏን ወደ ጉልበቷ ሳበች።